የባሕረ ጥምቀቱ ውኃ ከፋች

ጡረታ በወጣሁበት ዓመት፣ የከተራ ዕለት ጠዋት፣ ባለቤቴ እታገኝ ነጭ ሸሚዝና ነጭ ሱሪ ከነነጠላው አልጋ ላይ ዘርግታ «በል ልበስ፣ ዘንድሮ እንደ ሰው አብረን ነው የምንሄደው» አለችኝ። እኔ ልብሱን ትቼ አልጋ ሥር አጎንብሼ የጎማ ቦት ጫማዬን መፈለግ ጀመርኩ። «ምን ጠፋብህ?» ስትለኝ ነው ቀልቤ የተመለሰው። ቦቱንም የቫልቭ መክፈቻ ብረቱንም ለመሥሪያ ቤት አስረክቤአለሁ። የዚያን ቀን እኔን የሚፈልግ ቧንቧ አልነበረም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ልብሱን አየሁት። ከተማው ነጭ ለብሶ ሲወጣ እኔ ከልጅነቴ በኋላ በጥምቀት ነጭ ለብሼ አላውቅም።

ሥራዬ ውኃ መክፈትና መዝጋት ነበር። ደርግ በወደቀ ማግስት በሐረር ከተማ ውኃ ሥራ ተቀጥሬ እዚያው አርጅቼ ወጣሁ። ስሜ ጥላሁን ነው፤ ግን ማንም በስሜ አይጠራኝም፣ «ውኃ ከፋቹ» ነው የምባለው። የሐረርን ሰው የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ውኃ በፈረቃ የሚያገኝ ሰው ነው። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ሰላምታውን ሳይጨርስ «የእኛ ፈረቃ መቼ ነው?» ይለኛል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አንገቴን ደፍቼ ተቀምጬ እንኳ፣ ለሟቹ ሲያለቅሱ የነበሩት ሴትዮ እንባቸውን እየጠረጉ ጠጋ ብለው ጠይቀውኛል። አልተቆጣሁም። ሰው የለቅሶው እህል የመጣበትን ድስት በምን ይጠብ?

የመጀመሪያ ምድቤ ሐረማያ ሐይቅ ዳር ያለው የፓምፕ ጣቢያ ነበር። ፓምፕ ዘይት አጠጣለሁ፣ ሲግል አጠፋለሁ፣ ሲበርድ አስነሣለሁ። ደመወዙ የሚወራ አልነበረም። ሐይቁ ግን ያን ጊዜ ሐይቅ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ጉም ተነሥቶበት ማዶው አይታይም። ከዚያ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ሸሸን። እኛም የፓምፑን መሳቢያ ቱቦ እየቀጠልን ተከተልነው። አንድ ሰሞን ወደ ሶፊ ገጠር የሚሄደውን መስመር እንድጠብቅ ተላክሁ፤ ጫት ተካዩ ሁሉ ሌሊት ቧንቧ እየበሳ ሲያስቸግረኝ ከርሞ ወደ ከተማ መለሱኝ። የተመደብኩት የማከፋፈያ መስመር ፎርማን በነበሩት በጋሽ ዑመር ሥር ነው። ሥራውን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

ጋሽ ዑመር የጀጎል ልጅ፣ ሐረሪ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ቁጣ የማያውቁ ግን ምላሳቸው የሚነድፍ ሰው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነባ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም ይሸጡ ስለነበር የጋሽ ዑመር ልብስ ሁልጊዜ እርድ እርድ ይሸት ነበር። መኪና ላይ አይወጡም፤ መስመሩን ከላይ እስከ ታች በእግራቸው ይሄዱታል። እጃቸው ላይ የብረት ዘንግ አለ። ማንሆሉን ከፍተው የዘንጉን አንድ ጫፍ ቧንቧው ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። «ና ስማ» ይሉኛል። እሰማለሁ፣ ምንም የለም። «አቦ፣ ጆሮህ ውስጥ ምን ከተትክበት? ፉጨት አለ እኮ። ታች የሆነ ቦታ ያፈሳል» ይላሉ። ታች ሄደን ስንቆፍር ያፈሳል። ፉጨቱን ለመስማት ዓመት ፈጀብኝ፤ ከሰማሁት በኋላ ግን እንቅልፌ ውስጥ ሳይቀር ይሰማኝ ነበር።

ሁለት ነገር አይቀራቸውም ነበር። አንደኛው በርጫቸው ነው። ከምሳ በኋላ ጫታቸውን ይዘው ጀጎል ውስጥ ጓደኞቻቸው ቤት መደብ ላይ ከተቀመጡ፣ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ቢመጣ አይነሡም። «ቧንቧው ከፈነዳ ቶሎ ዝጋው፣ ነገ እንጠግነዋለን» ነው መልሳቸው። ሁለተኛው ጠርሙሱ ነው። መስመር በከፈቱ ቁጥር ከሚመጣው ውኃ አንድ ጠርሙስ ቀድተው ቢሮ መስኮት ላይ ያስቀምጣሉ። ሳይነኩት ያድራል። ጠዋት ሲገቡ ቦርሳቸውን ሳያወርዱ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ታቹን ያያሉ። የዝገት ዝቃጭ ከታየ ያ መስመር እንደገና ይታጠባል። «ላዩን ሁሉም ጥሩ ነው፣ እስኪያድር ጠብቀው» ይሉኛል።

የእኛ ደብር ባሕረ ጥምቀት ከከተማው ቁልቁለት ግርጌ ነው። ቅድመ አያቴ ከሸዋ መጥተው ሐረር ከሰፈሩ ወዲህ ቤተሰባችን እዚያው ደብር ነው የሚያስቀድሰው፣ እዚያው ነው የሚቀበረው። ገንዳው በድንጋይና በሲሚንቶ የተሠራ ነው፤ የሚወርድበት ወንዝ የለ፣ ምንጭ የለ። ከዋናው መስመር የተቀጠለ አሮጌ የብረት ቱቦ ብቻ ነው ውኃ የሚያመጣለት። ያ ቱቦ በዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚከፈተው፣ ለጥምቀት። ዓመቱን ሙሉ ባዶውን ይዝጋል።

ስለዚህ የእኔ ጥምቀት የሚጀምረው ከገና ነው። የገና ቅዳሴ አልቆ፣ ካህናቱ ከላይና ከታች ተከፍለው «ቤዛ ኩሉ» ብለው፣ ሕዝቡ ጧፉን አጥፍቶ ወደ ዶሮው ለመሮጥ ሲጣደፍ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ገብረ ሕይወት መቋሚያቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ይጠብቁኛል። መስቀል ያሳልሙኝና እንኳን አደረሰህ ሳይሉ «ልጄ፣ ውኃውስ?» ይሉኛል። «ይሞላል አባታችን» እላለሁ። የገናን ዶሮ በልቼ አላውቅም ብል ይቀለኛል፤ ሐሳቤ ቱቦው ላይ ነው።

በማግስቱ ከጋሽ ዑመር ጋር እንወርዳለን። አከፋፈታቸው ትዕግሥት ያስጨርሳል። ቫልቩን ትንሽ ያዞሩትና ቁጭ ይላሉ። ቱቦው ውስጥ ያለው አየር እያስነጠሰ፣ እያጉረመረመ ታች በኩል ይወጣል። ሲያበቃ ደግሞ ትንሽ ያዞራሉ። «ባዶ ቱቦ ነው። ውኃውን አንዴ ከለቀቅህበት አየሩ መውጫ ያጣና እንደ መዶሻ ይመታዋል። አሮጌ ሰው በሩጫ ይቀሰቀሳል?» ይሉኛል። በመጀመሪያ የሚመጣው ውኃ ቀይ ነው፣ ደም የመሰለ። እሱን ወደ ቦዩ እናፈሰዋለን። በነጋታውም እንዲሁ። ጠርሙሱ አድሮ ታቹ ንጹሕ ሲሆን ብቻ ነው ገንዳው የሚሞላው። የከተራ ዕለት ከሰዓት ታቦታቱ ሲመጡ ገንዳው ጥርት ብሎ ሰማዩን ይዞ ይጠብቃቸዋል።

ጋሽ ዑመር ከበሮውና እልልታው ከላይ ሲሰማ ዘንጋቸውን ያነሣሉ። «በል፣ እንግዶችህ መጡ። መልካም በዓል» ብለው በአቋራጩ ወደ ጀጎል ይሄዳሉ። አንድም ዓመት ቆይተው አያውቁም። እኔም ብሆን በዓሉን አይቼዋለሁ ለማለት ያስቸግረኛል። ሲነጋ ጸሎቱ ደርሶ ውኃው ከተባረከ በኋላ፣ ከገንዳው በሞተር እየሳብን በጎማ ወደ ሕዝቡ የምንረጨው እኛ ነን። ጎማውን ዲያቆናት ይይዙታል፤ እኔ ሞተሩ ሥር ጀርባዬን ሰጥቼ እጎነበሳለሁ። ሰው «ወደዚህ! ወደዚህ!» እያለ ሲጋፋ፣ ሲስቅ፣ ሲጮህ፣ በጆሮዬ ነው የምሰማው። እታገኝ ራሷ ረጥባ፣ ጸጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፎ ስትመጣ «ደረሰህ?» ትለኛለች። «ሞተሩ ደረሰኝ» እላታለሁ።

እንዲህ ስንኖር ሐይቁ አለቀ። መድረቁን አላመንንም ነበር፤ ሄጄ አየሁት። መጀመሪያ የተቀጠርኩበት ጣቢያ ፊት ለፊት ከብት ይግጣል። የሠራሁበት ፓምፕ አፉን መሬት ላይ ደፍቶ ቀርቷል። አለቀስኩ፣ ለምን እዋሻለሁ። ከዚያ ወዲያ ሐረር ውኃ በጀሪካንና በቦቴ የምታይ ከተማ ሆነች። የአንድ ሰፈር ፈረቃ ወር አልፎት ይመጣል፣ አንዳንዴም አይመጣም። ጋሽ ዑመርም በዚያው ሰሞን ጡረታ ወጡና ዘንጋቸውን ለእኔ ሰጡኝ።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ከደሴ የተመደበ ኢንጂነር ሰሎሞን የሚባል ወጣት ነው። ደግ ልጅ ነው፤ ሐረር የመጣው በክፉ ጊዜ ሆነበት እንጂ። ሰው ቢሮው ድረስ ባዶ ጀሪካን እያንኳኳ ሲመጣበት ከወንበሩ ተነሥቶ ነበር የሚያስተናግደው። በዚያ ዓመት ገና አባ ገብረ ሕይወት በሩ ላይ ጠብቀው «ልጄ፣ ውኃውስ?» አሉኝ። አፌን ሞልቼ «ይሞላል» አልኳቸው። ምን እንዳስተማመነኝ እንጃ። አባ ግን አላለፉኝም። እጄን ያዙና «ታቦት ደረቅ ገንዳ ላይ ወርዶ አያውቅም፣ በጦርነቱም ጊዜ አልወረደም። ሕዝቡ ዓመቱን ሙሉ ጀሪካን ተሸክሞ ነው የከረመው፤ ይቺን አንድ ቀን እንኳ ውኃ በራሱ ላይ ሲወርድ ይይ» አሉኝ። የእሳቸው ዐይን ሲረጥብ አየሁ።

ኢንጂነር ሰሎሞንን ለመንኩት። አሰበ፣ ሰሌዳው ላይ አሰላና ከኮረብታው ታንከር ለገንዳው የከተራ ዕለት ጠዋት እንዲለቀቅ ፈቀደ። ቀድሞ ማጠብ የሚባል ነገር ግን የለም፤ የሚደፋ ውኃ ከየት ይመጣል? «በዚያው አንድ ጊዜ ታጥቦ በዚያው ይሙላ» ተባለ። እኔም ተስማማሁ። ከጠዋት ጀምሬ ቀስ እያልኩ ካዞርኩት ይበቃኛል ብዬ ነው።

የከተራ ዕለት ጠዋት መብራት ጠፋ። ፓምፑ ቆሞ ታንከሩ አልሞላ አለ። ጾመ ገሃድ ነው፣ እህል አልቀመስኩም፤ ቫልቩ ማንሆል ላይ ቁጭ ብድግ ስል ዋልኩ። መብራቱ ሲመጣ ከሰዓት ሆኗል። ታንከሩ ትንሽ ይዞ «ክፈት» የሚለኝ መልእክት ሲደርሰኝ፣ ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ደወሉን ሰማሁት። ታቦታቱ ሊነሡ ነው።

ጀመርኩ። ትንሽ አዞርኩ፣ ቁጭ አልኩ። ቱቦው አስነጠሰ። ትንሽ አዞርኩ። ከበሮው ተሰማኝ። ገንዳው ሩቅ ነው፣ ውኃው ገና ግማሽ መንገድ አልሄደም። እልልታው ተሰማኝ። የሰንበት ተማሪዎቹ ዝማሬ ቁልቁለቱን ይዞ ሲመጣ፣ ገንዳው ባዶ አፉን ከፍቶ፣ ካህናቱ ታቦቱን ተሸክመው ጫፉ ላይ ሲቆሙ በዐይኔ ታየኝ። ከዚያ በኋላ እጄ ነው ያዞረው። አዞርኩት፣ አዞርኩት። ከታች በኩል ግንድ የተጣለ ዓይነት ድምፅ መጣ።

ቱቦው መንገዱ ዳር ፈነዳ። ውኃው ቀይ ሆኖ ተፈናጥሮ ወጣና አስፋልቱን ተሻግሮ ቦዩን ይዞ ወደ ጀጎል ግንብ ወረደ። ቫልቩን ዘግቼ ስደርስ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ ነበር፤ በጀሪካን፣ በሳፋ፣ በድስት፣ አንዷ በልጇ ማጠቢያ ይቀዳሉ። ማን ይፈርድባቸዋል? ወር ሙሉ ያላዩት ውኃ ነው። ውኃው የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ ስንጥቁን በእጄ ያዝኩት፤ ምን እንደማደርግ አላውቅም። እስከ ወገቤ ርሻለሁ። ታቦታቱ ያን ጊዜ ደረሱ። ወጣቶቹ ጭቃው ላይ ቄጤማ ጎዝጉዘው አሳለፏቸው። አባ ገብረ ሕይወት በጥላው ሥር ሲያልፉ ወደ ጉድጓዱ አዩ። ከታቦት ጋር ናቸው፣ አይናገሩም። እኔ ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ ቧንቧውን አቅፌ ጎነበስኩ።

ኢንጂነር ሰሎሞን በመኪና እየከነፈ መጣ። ፊቱ ዐመድ መስሏል። «ታንከሩን ዘግተነዋል ጋሽ ጥላሁን። የቀረችው ለሆስፒታሉ ናት። እሷን አልነካም» አለኝ።

«አትንካ» አልኩት። ልክ ነው። አንዱ ቦቴ ተበላሽቶ ቆሟል፤ ሌላው ሶፊ ገጠር ነው፣ ማታ አይደርስም። ሁለታችንም ይህን እናውቃለን። ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

ያን ጊዜ ነው «አቦ፣ ምን አድርገህ ገደልከው?» የሚል ድምፅ የሰማሁት። ጋሽ ዑመር ናቸው። ነጭ ረጅም ሸሚዛቸውን እንደለበሱ፣ ጉንጫቸው ላይ ጫታቸው አለ። ከበርጫ ተነሥተው መጥተዋል። ፍርሃቴን እስኪያስረሳኝ ገረመኝ።

«ከበርጫዎ ተነሡ?»

«ውኃው በበሩ ሥር ሲያልፍ አየሁት። ቀይ ነው። በሐረር እንዲህ ቀይ የሚያወጣ የአንተ ደብር ቱቦ ብቻ ነው» አሉና ጫማቸውን አውልቀው ወደ ጉድጓዱ ወረዱ። ሸሚዝዎ እኮ ብል ማን ሰምቶኝ።

ስንጥቁን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ወደ ኢንጂነሩ ቀና ብለው «ታንከሩን ዘጋችሁ?» አሉ።

«ዘጋን አባባ።»

«የሰፈሮቹ ቫልቮችስ?»

«ሁሉም ዝግ ናቸው።»

«እንግዲያው ከታንከሩ እስከዚህ ያለው ዋናው ቱቦ ሙሉ ነው። የማን ፈረቃ ነው እሱ?»

ኢንጂነር ሰሎሞን ትክ ብሎ አያቸው። ከኪሱ እስኪርቢቶ አውጥቶ መዳፉ ላይ ማስላት ጀመረ፤ የቱቦውን ስፋት፣ የቁልቁለቱን ርዝመት። ሲጨርስ ፊቱ ላይ ደም ተመለሰ። «ገንዳውን አይሞላውም፤ ግን ከቁርጭምጭሚት በላይ ይሆናል። የማንም ፈረቃ አይደለም፣ ውሰዱት» አለ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ መኪናው ላይ ወረወረና አካፋ ያዘ።

ከመኪናው ትርፍ ጎማ ከመነዳሪውን፣ የውስጡን ላስቲክ፣ ቆርጠን ስንጥቁ ላይ ጠመጠምነው፤ በላዩ ላይ ብረት አልብሰን በብሎን አሰርነው። ጋሽ ዑመር «አጥብቅ፣ ኧኸ፣ አሁን እኔ፣ አሁን አንተ» እያሉ አሠሩን። ፀሐይ ስትጠልቅ ጨረስን። ቫልቩን የማዞር ተራ ሲደርስ መክፈቻ ብረቱን ለእሳቸው ዘረጋሁ። አልተቀበሉኝም። «አንተ ነህ የምትከፍተው» አሉኝ። ብረቱን ቫልቩ ላይ አጠለቅሁት። አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዘንጉን ከእኔ ወስደው ጆሯቸው ላይ አድርገው «ቆይ» ይሉኛል፣ እቆያለሁ። «ትንሽ» ይሉኛል፣ አዞራለሁ። ዘንጉን ተቀብዬ ውኃው ታች ገንዳው ውስጥ ሲወድቅ የሰማሁት ከድንኳኑ የካህናቱ ዜማ ሲጀመር ነው። እየቀጠነ ሌሊቱን ወረደ። ጋሽ ዑመር ቤታቸው አልገቡም፤ ለዒሻ ሰላት ብቻ ፈንጠር ብለው ሰግደው ተመለሱ።

ሲነጋ አየነው። ውኃ አለ። ግን ሻይ ነው። ከዋናው ቱቦ ሥር የተኛው ዝቃጭ ሁሉ፣ ከአሮጌው ቱቦ ዝገት ጋር ተንጠፍጥፎ ገንዳው ውስጥ ገብቷል። ጋሽ ዑመር ከኪሳቸው ጠርሙሳቸውን አውጥተው ቀዱና ወደ ብርሃኑ አነሡት። ጠርሙሱን መልሰው ኪሳቸው ሲከቱት ነው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የተመኘሁት። ደረቅ ገንዳ ቢሆን «ውኃ ጠፋ» ይባላል። ይህን ግን እኔ ነኝ ያመጣሁት፤ ነጭ ለብሶ ለቆመ ሕዝብ የዝገት ውኃ።

አባ ገብረ ሕይወት መስቀላቸውን ይዘው ወደ ገንዳው መጡ። ሄጄ እግራቸው ሥር ልወድቅ ስል በመቋሚያቸው አገዱኝ።

«አባታችን፣ ውኃው ድፍርስ ነው።»

ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ ፈገግ አሉ፤ እኒያ ሰውዬ ሲስቁ ጥርሳቸው የሚታየው በዓመት አንዴ ነው።

«በወጣትነቴ ኢየሩሳሌም ሄጃለሁ። ዮርዳኖስን በዐይኔ አይቼዋለሁ» አሉኝ። «ይሄንኑ ነው የሚመስለው። ልጄ፣ ጌታ የገባበት ውኃ ድፍርስ ነው፤ እኛ ነን በሥዕል ላይ ሰማያዊ ያደረግነው።»

ባረኩት። ወንጌሉ ተነበበ። እኔና ጋሽ ዑመር ሞተሩን አስነሣን። ውኃው ጥልቀት ስለሌለው መሳቢያው ጭቃውን እንዳይበላ አንድ ሰው በእጁ ከፍ አድርጎ መያዝ ነበረበት። እኔ ገንዳው ውስጥ ገብቼ ያዝኩት፣ ጋሽ ዑመር ጫፉ ላይ ቆመው ሞተሩን ተቆጣጠሩ። ጎማው ሲለቀቅ ሕዝቡ እንደወትሮው «ወደዚህ! ወደዚህ!» አለ። ከዚያ አንዲት ሴት ነጠላዋን አይታ «ውይ!» አለች። ሌላዋም አየች። በየነጭ ልብሱ ላይ ቡኒ ቡኒ ነጠብጣብ። የመጀመሪያዋ ሴትዮ ቀና ብላ ጎማውን የያዘውን ዲያቆን አየችውና «እኔ ጋ ገና አልደረሰም፣ ጨምርልኝ» አለችው። ሳቁ ከዚያ ተነሣ። የሚያለቅስም ነበር። ነፋሱ ተመለሰና አንዱን ፍንጣቂ ጋሽ ዑመር ላይ አመጣው፤ ከአንገታቸው እስከ እጅጌያቸው ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆኑ። ሸሚዛቸውን አዩና «አሁን ዘይነባ ምን ልትለኝ ነው?» አሉኝ። ገንዳው ውስጥ እንደቆምኩ ሳቅና እንባ ተደባለቀብኝ።

የዝገት ነጠብጣብ በሳሙና አይለቅም። ወይዘሮ ዘይነባ ያውቁበታል፤ በሎሚና በጨው አሽተው ፀሐይ ላይ ካሰጡት ይለቃል። ለእታገኝም ነገሯት። እታገኝ ሎሚውን ገዝታ መጣች፣ ነጠላዋን ሳፋ ውስጥ ከተተች፣ ከዚያ መልሳ አወጣችው። «ይቅር» አለች። የእኛ ደብር ሴቶች ብዙዎቹ እንደዚያው ተዉት። እስከ ዛሬ በጥምቀት ሰሞን ነጠላዋ ላይ ቡኒ ነጠብጣብ ያለባት ሴት ካያችሁ የዚያን ዓመት ሰው ናት። ጋሽ ዑመርም ሸሚዙን አላስለቀቁትም። አንድ ቀን ቤታቸው ሄጄ ለብሰውት አገኘኋቸውና «ምነው፣ ወይዘሮ ዘይነባ ሎሚ አጡ?» አልኳቸው። «ተዪው ብያት ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራ የሠራሁበት ልብስ እሱ ብቻ ነው» አሉኝ። ያኔ ሳቅሁ። አሁን ግን የገባኝ ይመስለኛል።

ኢንጂነር ሰሎሞን ሌላ ከተማ ተመደበ፤ ከመሄዱ በፊት የገንዳውን ቱቦ በፕላስቲክ ቱቦ አስቀየረልን። ዘግይቶም ከቆላው ጉድጓድ ውኃ እየተገፋ መጣና ፈረቃው ትንሽ ቀረብ አለ። ጋሽ ዑመር በረመዳን ወር ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ የውኃ ሥራ ሰው ሁሉ ነበር። አባ ገብረ ሕይወትም በዓመቱ ተከተሏቸው። ገና በመጣ ቁጥር ከቅዳሴ ስወጣ በሩ ላይ ዐይኔ ይፈልጋቸዋል። «ውኃውስ?» የሚለኝ የለም፤ እኔው ለራሴ «ይሞላል» እላለሁ።

ወደ ጡረታዬ ዓመት ከተራ ልመለስ። ነጩን ለበስኩ። ሸሚዙ አንገቴ ላይ ጠበቀኝ፣ እታገኝ ሳቀችብኝ። የእሷ ነጠላ ያቺው ባለ ነጠብጣቧ ናት፤ አዲስ አላት፣ አትለብሰውም። ከታቦቱ ኋላ ከሕዝቡ ጋር ሄድኩ። ያ የፈነዳበት ቦታ ስንደርስ እግሬ ቆመ፣ እጄን ይዛ ጎተተችኝ። በማግስቱ ጠዋት ገንዳው ጥርት ብሎ ሞልቶ ነበር። ሞተሩ ሥር የተጎነበሰው እኔ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ጀርባውን ሰጥቶናል። ጎማው ወደ እኛ ሲዞር ሕዝቡ ገፋኝ፣ ፊት ለፊት ወጣሁ።

መታኝ። ፊቴ ላይ፣ አንገቴ ውስጥ፣ ደረቴ ላይ። ትንፋሼ ቀጥ አለ። ዐይኔን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት እጅጌዬን ነው። ነጭ ነው። አገላብጬ አየሁት፣ ምንም የለበትም። ጋሽ ዑመር ቢኖሩ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው ያዩት ነበር። እንባዬ መጣ፤ ውኃው ይሸፍንልኛል ብዬ ነበር፣ እታገኝ ግን ዐወቀችብኝ።

«ምን ሆንክ?» አለችኝ።

«ቀዝቃዛ ነው» አልኳት። «ይህን ሁሉ ዓመት ስልክላችሁ እንዲህ እንደሚቀዘቅዝ አላውቅም ነበር።»